ጉድጓዱ ያው፣ ሰዓቱ ሌላ፤ በራያ ቆቦ ሜዳ የተተከለ የአንድ ሶላር ጣቢያ ጉዳይ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ከዞብል ተራራ ጀርባ ብቅ ብላ ፓኔሎቹ ላይ ስታርፍ የኢንቨርተሩ፣ የፓኔሎቹን ኃይል ለሞተሩ የሚያስማማው ሳጥን፣ መስኮት ቁጥር ማሳየት ጀመረ። ወደ ሃያ የሚጠጉ ገበሬዎች አካፋቸውን ተደግፈው ቦዩ ዳር ቆመዋል። ከመሬት በታች ሞተሩ እየዞረ መሆኑን ቁጥሩ ይናገራል፤ ከቱቦው አፍ ግን ጠብታ የለም። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ሞተሩ ዞረ አልከን፤ ውሃውስ በየት በኩል ነው የሚዞረው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን ፈርቷል።

ውሃው የመጣው ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ነው። ቱቦው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ የደፈረሰ ውሃ፣ ከዚያ ጥርት ያለውን አወረደው። እልል ተባለ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከእልልታው በፊት ያለው አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ሶላሩን ያቀድነው የጠፋውን መብራት የሚተካ አድርገን ነበር፤ ጉድጓዱ ያው፣ ፓምፑ ያው፣ ቦዩ ያው፣ የኃይሉ ምንጭ ብቻ ይቀየራል ብለን። የተቀየረው ሰዓቱ ሆኖ ተገኘ። ሰዓቱ ሲቀየር የውሃው ተራ ተናጋ፣ የሚለማው መሬት ጠበበ፣ ጎረቤት ከጎረቤት አዲስ ውል መግባት ግድ ሆነበት። ከሌሎች ቀበሌዎች «እኛም ልንተክል ነው፣ ምን ትመክረናለህ?» እያሉ የሚደውሉልኝ ስለበዙ የሆነውን እንደሆነ ልጽፈው ወሰንኩ። የውሃ ተጠቃሚዎቹን ማኅበር፣ የአቅራቢውንና የሰዎቹን ስም ትቻለሁ።

ከመብራት ወደ ናፍጣ

ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የቆቦ ሜዳ ይዘረጋል። በምዕራብ ዳገቱ ወደ ግዳንና ላስታ ደጋ ይወጣል፤ በምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት ከአፋር ይለየዋል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ላይ ነው፤ በጋው ወበቃም፣ አፈሩ ለም፣ ዝናቡ ግን የማይታመን። ጎሊናና ሆርማት ሲሞሉ ጎርፉን ጠልፎ ማሽላና ጤፍ ማብቀል የራያ ገበሬ ከአያት ቅድመ አያቱ የወረሰው ጥበብ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ሲቋቋም ነው ዓይን ከጎርፉ ወደ ከርሰ ምድሩ የዞረው። ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፣ የመብራት መስመር ተዘረጋ፣ ሰርጓጅ ፓምፖች ገቡ፤ በጋ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ለሜዳው ብርቅ መሆናቸው ቀረ።

የእኛው ጉድጓድ ከእነዚያ አንዱ ነው። በሰከንድ 20 ሊትር ይሰጣል። ከሥሩ 48 አባወራና እማወራ፣ 40 ጥማድ ማለትም 10 ሄክታር መሬት አለ። መብራት በነበረ ጊዜ ፓምፑ ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር፤ መቆራረጡ ተቀንሶ እንኳ በቀን 20 ሰዓት ያህል። የቀኑን ተራ አብዛኛውን ጊዜ አቅመ ደካሞችና ሴቶች ይወስዱታል፤ የሌሊቱን ጎልማሶቹ፣ ባትሪ በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ጋቢ ተከናንበው። ተራውን የሚይዙት የውሃ አባት ደብተር አልነበራቸውም። ሁሉም በቃል ነው፤ ተሳስተውም አያውቁም ይባላል።

ሐምሌ 2013 ጦርነቱ ራያ ቆቦ ሲደርስ ይህ ሁሉ ቆመ። የትራንስፎርመሩ ዘይት ፈሰሰ፣ መዳቡ ተወሰደ፣ ገመዱ ተቆረጠ። ፓምፑ የተረፈው ከ40 ሜትር በታች ተንጠልጥሎ ስለነበር ነው፤ እሱን ለማውጣት ክሬን ያስፈልጋል። ነሐሴ 2014 እንደገና ተኩስ ተከፈተ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ማኅበሩ ከቀሩት ገንዘቦች ጄኔሬተር ተከራየ።

ጄኔሬተሩ በሰዓት ከ5 እስከ 6 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ስለነበር የሊትሩ ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል፤ ሽንኩርት ግን አንድ ሳምንት ይወደድና በሚቀጥለው ይወድቃል። ሁለት በጋ እንዲህ አለፈ። ገበሬው ከሽንኩርቱ ያገኘውን ለማደያ እየገበረ መሆኑን ሲያውቅ ሶላር የሚለው ቃል በየስብሰባው መነሳት ጀመረ። ቃሉ ባዳ አልነበረም። በ2012 ለአፋሩ ዲቸቶና ለሶማሌው ጋድ በወጣው ጨረታ አንድ የሳዑዲ ኩባንያ ኪሎዋት ሰዓቱን በ2.526 የአሜሪካ ሳንቲም እንደሚሸጥ ሲነገር፣ «ፀሐይ ርካሽ ናት» የሚለው ወሬ እስከ ቆቦ ሻይ ቤቶች ደርሶ ነበር። ያ ዋጋ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት ሊያመነጩ የታቀዱ፣ ከትልቅ መስመር ጋር የሚያያዙ ጣቢያዎች ዋጋ መሆኑን ማንም አላስተዋለም። እኛ የምንፈልገው የእነዚያን አንዱን አምስት ሺህኛ ያህል ነበር፤ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይወደዳል።

ስሌቱ

ስሌቱን ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ በእስክሪብቶ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስህተቱም የእኔ ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ ውሃው ሲያርፍ 35 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ሲሳብ ወደ 45 ይወርዳል። ከላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ የሚወጣበትና በቱቦው ውስጥ በመፋተግ የሚባክነው ተደምሮ 55 ሜትር ሆነ። በሰከንድ 20 ሊትርን 55 ሜትር ማንሳት ወደ 11 ኪሎዋት ንጹህ ጉልበት ይጠይቃል፤ ፓምፑና ሞተሩ ከሚቀበሉት 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ወደ ውሃ ስለሚለውጡ መግባት ያለበት 18 ኪሎዋት ነው። ፓኔል ፋብሪካው የጻፈበትን ያህል የሚሰጠው አሪፍ አየር፣ ንጹህ መስታወትና ቀጥ ያለ ፀሐይ አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው፤ ቆቦ ላይ ፀሐዩ ከአቧራና ከሙቀት ጋር ነው የሚመጣው። በሲሶ ከፍ አድርገን 24 ኪሎዋት ላይ ወሰንን፦ ባለ 540 ዋት 45 ፓኔሎች።

እዚህ ላይ አቅራቢው «48 ይሁኑ፣ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስቱ በሦስት መስመር» ብሎ ነበር። ለምን እንዳልተቀበልን ልናገር፤ ብዙ ቦታ ኢንቨርተር የሚቃጠለው በዚህ ነው። አንድ ፓኔል ጭነት ሳይኖርበት 49.5 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ 16ቱ በተርታ ሲያያዙ 792 ይሆናል። ኢንቨርተሩ የሚችለው 800 ነው። በወረቀት ይበቃል። ፓኔል ግን ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። ታኅሣሥ ላይ ቆቦ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድና ጠዋት የመጀመሪያው ብርሃን በቀዘቀዘ ፓኔል ላይ ሲያርፍ ያ 792 ከ820 ያልፋል። በ15 ብናስረው በብርዱም 770 ላይ ይቆማል፤ በቀትር ሙቀት ሲወርድም ለሞተሩ 380 ቮልት የሚበቃ፣ 535 ገደማ ይቀረዋል። ከላይም ከታችም ጠባብ ነው፤ ግን ያልፋል። ሻጩ ሦስት ፓኔል ቀረበትና ትንሽ አኮረፈ።

ማዕዘኑ ብዙ አላከራከረም። ቆቦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ዘንበሉን 15 ዲግሪ አደረግነው። ለፀሐዩ 12ቱ ይበቃ ነበር፤ ሦስቷን የጨመርናት ዝናብ አቧራውን ጠርጎ እንዲያወርደው ነው።

ያላሰላሁት ነገር ያ የመጀመሪያ ጠዋት ያሳየንን ነው። ፓምፕ በግማሽ ኃይል ግማሽ ውሃ አይሰጥም። የሚያነሳበት ከፍታ በፍጥነቱ ካሬ ይወርዳል፣ የሚፈልገው ኃይል ደግሞ በኪዩቡ። በእኛ ፓምፕ ሞተሩ ከ38 ኸርዝ (የኢንቨርተሩ የፍጥነት ቁጥር) በታች ከዞረ ውሃው ቱቦው ውስጥ መንገድ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል እንጂ አፉ ላይ አይደርስም። ከሙሉው ኃይል 40 በመቶ ያህል እስኪገኝ ድረስ ዙሩ ከንቱ ዙር ነው። ሽማግሌው የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር። የምላሹን ሒሳብ ብነግራቸውም የሚበላ ነገር አልነበረበትም።

ግንቦት 2016 ላይ ዋጋ አወጣን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ አቅራቢውም ደውሎ የሰጠን ወረቀት ዋጋ እንደሌለው ነገረን። የማኅበሩ መዋጮ በአንድ ሌሊት ግማሽ ሆነ። አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ልዩነቱን ባይሸፍን ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ስለነበር ደግሞ ዕቃው ወልድያ ደርሶ ቆቦ እስኪገባ ከአዲስ አበባ ወልድያ ከፈጀበት ጊዜ በላይ ወሰደ።

የእናታችን አንድ አምስተኛ ጥማድ

45 ፓኔሎች በሦስት ረድፍ፣ በመካከላቸው መተላለፊያ ተትቶና ዙሪያውን ታጥሮ፣ 26 በ20 ሜትር ቦታ ይፈልጋሉ። የጥማድ አንድ አምስተኛ ነው። ቁጥሩ ሲነገር ማንም ግድ አልሰጠውም። ከጉድጓዱ በራቀ ቁጥር ገመዱ ይወፍራል፣ ይወደዳልም፤ ስለዚህ ቦታው ከጉድጓዱ አጠገብ መሆን ነበረበት። ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው ደግሞ የአንዲት እማወራ ማሳ ነው፤ ያላቸውም ሁለት ጥማድ ብቻ።

የቀበሌው ሰው ሁሉ «እናታችን» ነው የሚላቸው። መጀመሪያ የሄዱት የማኅበሩ ሊቀመንበርና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኔ ኋላ ቆሜ ነበር። ቡናው ተፈላ፣ ሁለተኛው ወረደ፣ ወሬው ስለ ዝናብ ነበር። ሦስተኛው ላይ ጉዳዩ ተነሳ። እናታችን ቶሎ አልመለሱም። በኋላ «ብረት የተተከለበት መሬት ለተካዩ ይሆናል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ስሞት ልጆቼ ብረት ይውረሱ?» አሉ።

ከተሰበሰቡት አንዱ እንደ መንግሥት ካሳ ይከፈላቸው አለ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም በቋሚነት የሚነሳ ባለይዞታ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ያንን ለማኅበሩ ማስላት ይቻላል፤ ችግሩ እናታችን መነሳት አለመፈለጋቸው ነው። ስለ ገንዘብም አልጠየቁም። ያስፈራቸው ደብተሩ ነበር።

ሦስት ጊዜ ተመላለስን። በመጨረሻ የተስማማነው መሬቱ በይዞታ ደብተራቸው እንዳለ እንዲቆይ፣ ማኅበሩ ተከራይ እንዲሆን፣ ውሉም በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ ነው። ኪራዩ ውሃ ነው፦ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ተራው የእርሳቸው ነው፤ ማንም አይጋፋውም። ከፓኔሎቹ ሥር የሚበቅለውንም እሳቸው ያበቅላሉ። ይኼኛውን የጨመሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ በልቤ «ጥላ ሥር ምን ሊበቅል» ብዬ ነበር። አሁን ቆስጣና ጎመን በበጋ ሳይጠወልግ የሚበላው በዚያ ማሳ ነው። ለዚህም ሲባል የታችኛው ጠርዝ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ አለ፤ ብረቱ ወደደ፣ ግን ፍየል ዘላ አትወጣበትም።

ከማሳቸው በስተምዕራብ አንድ ትልቅ ግራር ነበር፤ አሁንም አለ። ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጥላው የመጨረሻውን ረድፍ ይነካል። ይቆረጥ የሚል አልጠፋም። ከሥሩ ወዳጃ፣ የጋራ ጸሎቱ፣ የሚቀመጥበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ዛፍ ነው፤ ሐሳቡ ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አላለፈም። ረድፎቹን ስድስት ሜትር ወደ ምሥራቅ ገፋናቸው።

መረሬው

ይህን ባጭሩ። ተቋራጩ የብረቱን እግሮች 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቆፍሮ በሲሚንቶ ተከላቸው። አፈሩ መረሬ ነው፤ በጋ ላይ ክንድ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ያብጣል። እኔ በዚያ ሳምንት ወልድያ ነበርኩ፤ ተመልሼ ሳይ ሲሚንቶው ደርቋል፣ የተቋራጩም መኪና ሄዷል። በ2017 ክረምት መካከለኛው ረድፍ በአንድ በኩል ተነሳ፣ ክፈፉ ተጣመመ፣ የአንድ ፓኔል መስታወት ተሰነጠቀ። እግሮቹን ሁሉ አውጥተን በ1.2 ሜትር፣ ስንጥቁ ከሚደርስበት በታች፣ እግሩን ሰፋ አድርገን፣ ዙሪያውን በጠጠር ሞልተን እንደገና ተከልን። ቁፋሮውን ገበሬዎቹ በጅጌ ሠሩት፤ ሁለት ቀን ፈጀ። ተቋራጩ ስልክ አላነሳም።

እብቁንም አልጠበቅነውም ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፍ ሲወቃ አውድማው ከጣቢያው ነፋስ ወደሚመጣበት በኩል ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ፓኔሎቹ የቡና ቁርስ የተበተነበት ስፌት መሰሉ። አሁን አውድማው ከነፋሱ ማዶ ሆኗል። ማጠቢያው ደግሞ ፀሐይ ሳይወጣ ነው፤ በቀትር የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ያሰነጥቃል።

ተራው

አሁን ወደ ዋናው ነገር። 20 ሰዓት ሲሠራ የነበረ ፓምፕ በቀን 1,440 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰጥ ነበር። በሶላር በጥሩ የበጋ ቀን ሙሉ ውሃ የሚገኘው ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ 432 ሜትር ኩብ። ከበፊቱ ሲሶ አይሞላም። ሽንኩርት በበጋ፣ በቦይ ሲጠጣና የሚባክነው ሲታሰብ፣ ለአንድ ሄክታር በቀን 100 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚለማው አራት ሄክታር ከጥቂት፣ ማለትም ከ40 ጥማድ 17ቱ ነው።

ይህን ቁጥር ከመትከላችን በፊት ልናገረው ይገባ ነበር። ናፍጣው በጣም አስመርሮን ስለነበር በቀን ስድስት ሰዓት ነጻ ውሃ የሚለው ብቻ ነበር የታየን። ጄኔሬተሩም በስተመጨረሻ ከዚያ በላይ አይሠራም ነበር፤ ስለዚህ ማንም ከናፍጣው ጋር ሲያነጻጽር አልከፋውም። ሰው ግን የሚያነጻጽረው ከመብራቱ ዘመን ጋር ነው። ጥር 2017 ላይ ሰዉ ሁሉ እንደ ድሮው ሙሉ ማሳውን ሽንኩርት ተከለ፤ በሦስተኛው ሳምንት ውሃው አልደረሰም። ሌሊት ቦይ የሚሰብር መጣ። ሌሊት ውሃ እንደሌለ እያወቀ ነው የሚሰብረው፤ ለጠዋቱ አቅጣጫ ለማስያዝ።

የውሃ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳሳቱ ተባለ። ስህተቱ የእሳቸው አልነበረም። የእሳቸው ተራ የተሠራው በሰዓት ነው፤ ለአንድ ጥማድ ሁለት ሰዓት። በመብራት ጊዜ ሁለት ሰዓት ሁሌም ሁለት ሰዓት ነው። በሶላር ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ያለው ሁለት ሰዓትና ከ5 እስከ 7 ያለው ሁለት ሰዓት እኩል ውሃ የላቸውም፤ ደመና ካለፈ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው። ጠዋት የደረሰው ሰው «ተበደልኩ» ይላል፤ እውነቱን ነው። የመጀመሪያው ማሻሻያ የውሃ ቆጣሪ መግጠም ሆነ፦ ተራው ከሰዓት ወደ ሜትር ኩብ ተለወጠ። የውሃ አባት ቁጥር አያነቡም ነበር። የልጅ ልጃቸው፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ትጽፍላቸዋለች፤ እሳቸው ይፈርዳሉ።

የቀትሩ ጉዳይ ሌላ መልክ ነበረው። ፀሐይ የምትበረታው ከ5 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ አርብ ደግሞ በዚያው ሰዓት ጁምዓ አለ። ድሮ ሰጋጁ የሌሊት ተራ ይይዝ ስለነበር አይነካካም። አሁን በሳምንቱ ምርጡ ውሃ ሰው መስጊድ ሳለ ይፈሳል። መፍትሔው ብዙ ስብሰባ አልጠየቀም፤ ወሎ ነው። አርብ ቀትር ክርስቲያኑ ያጠጣል፣ እሑድ ጠዋት ሙስሊሙ፤ የታቦት ንግሥ ሲሆን ጎረቤት የጎረቤቱን ማሳ አጠጥቶ ይቆየዋል። ይህንን የወሰኑት እኔ ኢንቨርተሩን ፈትቼ ስገጥም ግራሩ ሥር ተቀምጠው ነው፤ የሰማሁት በማግስቱ ነው።

የመሬቱ መጥበብ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለቀም። ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው ግማሹ ሰው በዚህ በጋ ይውጣና በሚቀጥለው ይግባ የሚል፤ የሚወጣው ማን ነው ሲባል ግን ዝም። ሁለተኛው ሁሉም ከማሳው እኩል ይቀንስ የሚል፤ ይህ ለሦስት ጥማድ ባለቤት ይሆናል፣ ግማሽ ጥማድ ላለው ግን መደብ የማይሞላ መሬት መቆፈር ነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ቀን ተቀምጠው ይዘውት የመጡት ሦስተኛ መንገድ፣ እኔ ባሰላ ኖሮ ከቶ የማላገኘው ነው። 48ቱ ተጣምደው 24 ሆኑ። በአንዱ ማሳ ሁለቱ ያለማሉ፣ ምርቱ የእኩል ነው፤ በሚቀጥለው በጋ በሌላው ማሳ። የእኩል እርሻ እዚህ ዱሮም የታወቀ ነው፤ በሬ ያለው በሬ ከሌለው ጋር የሚገባው ውል። ውሃን በእኩል ማረስ ግን አዲስ ነው። የሚለማው መሬት 20 ጥማድ ሆነ፤ ውሃው የሚበቃው 17። የሦስቱን ጉድለት ከመብራቱ ዘመን የተረፈውን የጠብታ መስኖ ቱቦ ጠጋግነን ዘጠኝ ጥማድ ላይ በመዘርጋት ሸፈንነው፤ ጠብታ ከቦይ ሲሶ ያህል ውሃ ይቆጥባል።

ሁሉም ተደሰተ አልልም። ሁለት ጥንዶች በመሀሉ ተለያይተዋል፤ አንዱ በማዳበሪያ ወጪ ነው፣ ሌላው በምን እንደሆነ አይነገርም። ሴቶቹ ግን፣ በተለይ እማወራዎቹ፣ ወደ መብራቱ ዘመን መመለስ አይፈልጉም። ሌሊት ማጠጣት ስለማይችሉ ለአጠጪ ጎረምሳ ይከፍሉ ነበር፤ አሁን ውሃው በቀን ነው፣ አካፋውን ራሳቸው ይይዛሉ። ይህን እኔ በስሌቴ ውስጥ አላገባሁትም፤ አላሰብኩትምም።

ናፍጣው ሲጠብቀው የነበረ ነገር

የናፍጣው ውድነት አንድ ነገር ይጠብቅልን ነበር፦ ውሃውን። ሰዓቱ ብር ሲሆን ማንም ያለአግባብ አያፈስም። ሶላር ግን ከተተከለ በኋላ እያንዳንዱ ሊትር በነጻ ነው የሚመጣው፤ «ከሚቆም ይፍሰስ» የሚል ስሜት ገባ። ክረምት ላይ እንኳ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ፓምፑ ሲሠራ አግኝቼዋለሁ። የሜዳው ጉድጓዶች ሁሉ አንድ የጋራ ውሃ ነው የሚጠጡት፤ የዚህኛው ትርፍ የሚቀጥለው ቀበሌ ጉድለት ነው።

የሠራነው ትንሽ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ጠዋት፣ ፓምፑ ሳይነሳ፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ምልክት ያለው ገመድ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ከቆጣሪው ንባብ ጋር አንድ ደብተር ላይ ይጻፋል። ያች የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት የምትጽፈው፤ አሁን ዘጠነኛ ገብታለች። የቆመው ውሃ ከ38 ሜትር በታች ከወረደ የጠብታው ማሳ ብቻ እንዲጠጣ ማኅበሩ በመተዳደሪያው አስገብቷል። እስካሁን እዚያ አልደረሰም። ለቆጣሪው ንባብም ትንሽ ክፍያ ተጥሏል፤ ገንዘቡ ለኢንቨርተር መለወጫ ይቀመጣል። ፓኔል ሃያና ከዚያ በላይ ዓመት ይቆያል፣ ኢንቨርተር ግን እንደዚያ አይታመንም፤ ብዙ ጣቢያ የሚሞተው በአሥረኛው ዓመት ኪሱ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ምሥራቅና ምዕራብ

ፓኔል ብንጨምር ውሃው ይጨምራል ወይ የሚለውን የጠየቀኝ ያው ያሳቀብኝ ሽማግሌ ነው። ቀትር ላይ አይጨምርም፤ ፓምፑ ከሚችለው በላይ አይሠራም። የሚጨምረው ግራና ቀኙ ነው። አንድ ረድፍ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ረድፍ ወደ ምዕራብ ቢዞር፣ የምሥራቁ ያንን የጠዋት አርባ አምስት ደቂቃ ይበላዋል፣ የምዕራቡ ማታውን ይጎትታል። በእኛ ኬክሮስ ፀሐይ ከአናት ስለምትሄድ ወደ ጎን ማዞሩ የቀኑን ጠቅላላ ምርት ብዙም አይጎዳውም። ሙሉ ውሃው ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል፣ ስምንት ሰዓት ይሆናል ብዬ አስልቻለሁ፤ ከ17 ጥማድ ወደ 23። አንድ መጠንቀቂያ አለው፦ ምሥራቅ የሚያየውንና ምዕራብ የሚያየውን ፓኔል በአንድ ተርታ ማሰር አይቻልም፤ ደካማው ሁሉንም ይጎትታል። እያንዳንዱ አቅጣጫ የራሱ 15 ፓኔል ያለው ተርታ ሆኖ ጎን ለጎን ነው የሚያያዘው።

እናታችን ለተጨማሪው ቦታ በዚህ ጊዜ አንድ ቡና ብቻ ነው ያፈሉልን። የጠየቁት ሁለተኛ ተራ ነው፤ ሐሙስ፣ ከማለዳው ሰዓት። «የማለዳው ውሃ የምሥራቁ ብረት ከመጣ የእኔ ነው» አሉ፤ ነገሩ ገብቷቸዋል።

የከተማው መብራት ከተመለሰ ቆይቷል፤ የጉድጓዱን ትራንስፎርመር እንደሚተኩ ቃል የገቡ አሉ። ከመጣ ሁለቱንም የሚያፈራርቅ ማብሪያ ሳጥን አዘጋጅተናል፣ ሌሊቱን በመብራት ቀኑን በሶላር። ጎልማሶቹ ከአሁኑ የሌሊቱን ተራ መከፋፈል ጀምረዋል፤ ጥንዶቹ ይፍረሱ አይፍረሱ በሚለው ግን ገና አልተስማሙም።

የአዲሶቹ ረድፎች ብረት ባለፈው ወር ቆሟል፣ በ1.2 ሜትር። 30ዎቹ ፓኔሎች ወልድያ መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ መንገዱን እየጠበቅን ነው። እስከዚያ እናታችን ቆርቆሮ አጋድመው የምሥራቁ ብረት ላይ በርበሬ አስጥተውበታል። ፊቱ ወደ ማለዳ ፀሐይ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል ይላሉ።